«ሲንስ» ያስቸገራችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር

ደሴ ላይ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የቀይ እስክሪብቶዬን ቀለም እንደ «ሲንስ» (since) የጨረሰብኝ ቃል የለም። ባለፈው ሳምንት «ስለዚህች ቃል የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» አልኩ። አንዳንዱ በስልክ ላከልኝ፣ አንዳንዱ ፒያሳ ላይ አስቁሞ ጠየቀኝ። የደረሰኝን እነሆ።

ቲቸር፣ «ሲንስ» እና «ፎር» (for) ሁለቱም «ከ... ጀምሮ» ማለት አይደሉም እንዴ? ፈተና ላይ ሁሌ ይምታቱብኛል። (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ወልዲያ)

አይደሉም። አንድ ያስመሰላቸው አማርኛችን ነው። «ከሰኞ ጀምሮ አሞኛል» እንላለን። «ከሦስት ቀን ጀምሮ አሞኛል»ም እንላለን። «ከ» ደግ ናት፣ ሁለቱንም ታስተናግዳለች። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ሰኞ መነሻ ነው፤ ሦስት ቀን ርዝመት ነው። ለመነሻው «ሲንስ መንደይ»፣ ለርዝመቱ «ፎር ስሪ ደይስ»።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ደሴ መነሻህ ናት፣ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትሩ ርዝመቱ ነው። «ሲንስ» የሚፈልገው ደሴን ነው። ፈተና ላይ ከባዶ ቦታው ቀጥሎ ያለውን አይተህ ራስህን ጠይቅ፦ ይሄ «ከመቼ?» ለሚለው ነው የሚመልሰው ወይስ «ለስንት ጊዜ?» ለሚለው? ተማሪ የሚወድቅባት አንዲት ጉድጓድ አለች፦ «ላስት ይር» መነሻ ስለሆነ «ሲንስ» ይወስዳል። «ዘ ላስት ቱ ይርስ» ግን ርዝመት ነው፣ «ፎር» ይባላል።

ዐረብ አገር ሰባት ዓመት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። ዐረብኛው «ሙንዙ» ለሁለቱም ይሆናል። እንግሊዝኛ ምን አስጨነቀው? (ሐይቅ)

አብሽሪ እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። ጀርመንኛም «ዛይት» በምትል አንድ ቃል ሁለቱንም ይጨርሳል። ስለዚህ ጀርመኖችም እንግሊዝኛ ሲማሩ እኛ የምንሳሳታትን ይሳሳቷታል። አንቺ ሰባት ዓመቱን ከቆጠርሽ «ፎር» ነው፤ የሄድሽበትን ዓመት ከጠራሽ «ሲንስ»። ግን ተመልሰሻልና ግሱ ፓስት (ያለፈ ጊዜ) ይሁን፦ «አይ ወርክድ ዜር ፎር ሰቨን ይርስ»። እዚህ ላይ «ሃቭ» ብትጨምሪበት ሰሚው ገና እዚያው ያለሽ ይመስለዋል።

ሲቪዬ ላይ «አይ አም ወርኪንግ ሂር ሲንስ 2013» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ሳቀብኝ። ምኑ ነው የሚያስቀው? (ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ)

ጓደኛህ የሳቀው በግሱ ይሆናል። እኛ «ከ2013 ጀምሮ እየሠራሁ ነው» ስለምንል «አይ አም ወርኪንግ» ማለት ይቀናናል። በእንግሊዝኛ ያኔ ተጀምሮ እስካሁን የቀጠለ ነገር ፕረዘንት ፐርፌክት የሚባለውን የግስ ቅርጽ ይፈልጋል። «አይ ሃቭ ወርክድ» ወይም «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ» በል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን 2013ቱ ነው። የማን 2013? በእኛ ከሆነ የውጭ አሠሪ ያልሠራኸውን ሰባት ስምንት ዓመት ይቆጥርልሃል። ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ ውሸታም ያሰኝሃል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ 7 ደምር፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 8። ኅዳር 2013 የገባህ 2020 ብለህ ጻፍ፣ መጋቢት የገባህ 2021።

ሰዓትም እንዲሁ ጉድ ይሠራል። አንድ የውጭ እንግዳ ቀጥሬ ዘገየብኝ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሲመጣ «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እየጠበቅኩህ ነው» አልኩት፤ «ሲንስ ቱ ኦክሎክ»። ሰዋስዉ አንድ እንከን የለውም። ሰውዬው ግን በራሱ አቆጣጠር ወስዶት፣ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ብርድ ላይ የቆምኩ መስሎት ይቅርታውን ሊጨርስ አልቻለም። እኔም አላረምኩትም። ቁርስ ጋበዘኝ።

ቱሪስቱ «ሲንስ ዘ ቸርች ኢዝ ክሎዝድ፣ ዊ ዊል ካም ቱሞሮው» አለኝ። «ከተዘጋ ጀምሮ ነገ እንመጣለን» ምን ማለት ነው? (አስጎብኚ፣ ላሊበላ)

ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። እዚህ «ሲንስ» ጊዜ መቁጠር ትቶ ምክንያት ሆኗል። «ስለተዘጋ» ማለቱ ነው። አንተ ግን «ስለ»ን ተውና «ከ»ን ያዝ፦ «ከተዘጋማ ነገ እንመጣለን»። አየህ? እኛም በዚያችው «ከ» ጊዜም ምክንያትም እንናገራለን። «ከመጣህማ ቡና ሳትጠጣ አትሄድም» ስንል የመጣበትን ሰዓት እየቆጠርን አይደለም። መምጣቱን ሁለታችንም እያየነው ነው፣ ከዚያ ተነስተን ነው የምንናገረው። የእንግሊዝኛውም አመጣጥ ይሄው ነው። በጥንቱ ቋንቋቸው ቃሉ «ከዚያ በኋላ» ማለት ነበር፤ ምክንያትነቱ ከጊዜው ተወለደ።

ከ«ቢኮዝ» የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። «ቢኮዝ» ሰሚው የማያውቀውን ምክንያት ይነግራል። «ሲንስ» ሁለታችሁም የምታውቁትን ያስይዛል። ስለዚህ «ለምን ቀረህ?» ላለህ ሰው በ«ሲንስ» አትመልስ።

አንዳንዴ ሁለቱ ትርጉሞች ይጋጫሉ። «ሲንስ ሺ ሌፍት፣ ሂ ሃዝ ቢን ሳድ» ከሄደች ወዲህ ነው ወይስ ስለሄደች? ሁለቱም ይሆናል። አንተ ጸሐፊው ከሆንክና ምክንያት ማለትህ ከሆነ «ቢኮዝ» ብለህ ተገላገል።

እኔም አስጎብኚ ነኝ። «ላሊበላ ዎዝ ሬጂስተርድ ባይ ዩኔስኮ ሲንስ 1978» ትክክል ነው?

አይደለም። መመዝገብ አንድ ጊዜ ተደርጎ ያለቀ ነገር ነው፣ «ኢን 1978» ይበቃዋል። በመዝገቡ ላይ መኖር ግን እስካሁን አለ። «ኢት ሃዝ ቢን ኤ ወርልድ ሄሪቴጅ ሳይት ሲንስ 1978» ካልክ ልክ ነው። ዓመቱን በእነሱ ስለቆጠርክ ደግሞ ጎበዝ። በእኛ 1970 ነበር።

«ከነገ ጀምሮ»ስ?

«ሲንስ» ወደፊት አታይም። «ፍሮም ቱሞሮው» በል።

ካናዳ ያለችው የልጅ ልጄ «ኢት ሃዝ ቢን ስሪ ይርስ ሲንስ አይ ሶው ዩ» ብላ ላከችልኝ። ጎረቤት አነበበልኝ፣ መፍታቱን ግን አልቻለበትም። (እናት፣ ደሴ)

እማማ፣ «ካየሁዎት ሦስት ዓመት ሆነኝ» ማለቷ ነው። «ሲንስ» እዚህ ላይ ቁልጭ ብላ በአማርኛው «ካየሁዎት» ውስጥ ያለችው «ከ» ናት። ተማሪዎቼም ልብ በሉ፦ ሦስት ዓመቱ ከ«ሲንስ» በፊት ነው የመጣው፣ ከኋላዋ ያለው መነሻው ነው። ያየቻቸው ቀን ደግሞ ያለፈ ስለሆነ «ሶው» ብላለች፣ ፓስት ነው። እርስዎ ግን እሱን ይተዉት፣ ናፍቃዎታለችና ይደውሉላት።

ሱቄ ላይ በትልቁ «ሲንስ 1995» አስጽፌያለሁ። ተሳስቻለሁ? (ነጋዴ፣ ደሴ)

ቃሉ ልክ ነው። ዓመቱ በእኛ ከሆነ ፈረንጅ ሲያነበው ቤትህን ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ለነጋዴ ይሄ ጥቅም ነው ካልከኝ አልከራከርህም። ካልሆነ ከጎኑ «ኢ.ሲ.» (E.C.፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማለት ነው) ብለህ ጨምርበት። ትናንት ሳልፍ አይቼዋለሁ፣ ሰሌዳው ቦታ አለው።