ለንጋትና ለምሽት የአጋዘን አደን የሚሆን ስኮፕ፦ ጥያቄና መልስ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የአጋዘን ወቅት እየደረሰ ነው። ሰሞኑን የሚደወልልኝ ሁሉ ስለ ስኮፕ፣ ጠመንጃ ላይ ስለሚገጠመው ማጉያ መነጽር ነው፤ እንግዲህ እዚሁ ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልናገር። በጠመንጃ ስኮፕ ጫካ አይቃኝም! ለመፈለጊያ ባይኖኩላር አለ። ስኮፑ ወደ ዞረበት አፈሙዙም አብሮ ይዞራል።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ጋሼ፣ ምርጡ ስኮፕ የቱ ነው?

መልስ፦ ለምን ዓይነት ጠመንጃ? በስንት ዶላር? ሜዳ ላይ ነው ጫካ ውስጥ? አብራርተህ ተመለስ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ያለኝ 3-9 በ40 ነው፤ ከ3 እስከ 9 እጥፍ ያጎላል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር ነው። መሸት ሲል ምንም አይታየኝም። 6-24 በ50 ልግዛ ይሆን?

መልስ፦ ኧረ ተው! ሲጨልምብህ 9 ላይ አድርገህ ነው የምታየው አይደል? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። የፊት መስታወቱን ስፋት ለማጉያው አካፍል። 40 ለ9 ሲካፈል 4.4 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከስኮፑ ወደ ዓይንህ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋቱ ይኸው ነው። የወጣት ዓይን ብሌን ደግሞ በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። ወደ 6 መልሰው፣ 6.7 ታገኛለህ። ያ ያማረህ 50 መስታወትስ 24 ላይ ስንት ይሰጣል? 2 ብቻ!

ካላመንክ ቤትህ ሞክረው። ስኮፑን ከጠመንጃው ፍታና ክንድህን ዘርግተህ ወደ ብሩህ ግድግዳ አዙረው። የኋላው መስታወት መሀል ትንሽ ነጭ ክብ ታያለህ። አሁን ማጉያውን ቀስ እያልክ ወደ 9 አዙር። ክቡ ዓይንህ እያየ ይጠባል። ገንዘብህን ያዝ፣ ማጉያውን ቀንስ።

ከለንደን፦ እኛ ጋ ሕጉ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አንድ ሰዓት ይሰጠናል። 8 በ56 ይበዛል? ዕድሜዬ 58 ነው።

መልስ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! እንግሊዝ ውስጥ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊትም አንድ ሰዓት አላችሁ። እኛ ጋ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ኅዳር መጨረሻ እዚህ ፀሐይ በፈረንጅ ሰዓት 4፡50 ላይ ከጠለቀች 5፡20 ላይ ጥይቱን ከጠመንጃው ታወጣለህ፤ አለቀ። ስለዚህ 8 በ56 የተሠራው ለእንደናንተ ዓይነቱ አደን ነው፤ ልክ 7 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። ነገር ግን ወንድሜ፣ በኛ ዕድሜ ብሌን እንደ ልጅነቱ አይከፈትም። የብዙው ሰው ወደ 5 ይወርዳል፤ ትርፉ ብርሃን ዓይንህ ውስጥ አይገባም። ጥሩ 8 በ42 ይበቃህ ነበር፣ ቀለልም ይላል። 56ን ከወደድከው ዓይንህን በትክክል ባታሳርፍም ምስሉ ቶሎ አይጠፋብህም፤ ጥቅሙ እሱ ነው።

ከዉድብሪጅ፦ ቱቦው 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኮፕ ከባለ አንድ ኢንቹ ይበልጥ ብርሃን ያስገባል አሉኝ።

መልስ፦ አያስገባም። ኢላማ ስታስተካክል ሰፊ ቦታ ይሰጥሃል፣ በቃ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ጋሼ፣ በ400 ዶላር ምርጡ ስኮፕ የቱ ነው?

መልስ፦ አሁን ቢያንስ ብሩን ነገርከኝ። ጠመንጃውስ? ካውንቲህስ ሩቅ በሚመታው ጠመንጃ፣ በራይፍል ይፈቅዳል? አንዳንዱ ለአጋዘን ቅርብ የሚመታውን ሾትገን ብቻ ነው የሚፈቅደው። እስከዚያው ይህን ያዝ፦ በዚያ ዋጋ ብዙ የሚያጎላ ስኮፕ ካየህ መስታወቱ ላይ ቆጥበዋል ማለት ነው። ቅብ የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ገደማ ብርሃን ያንጸባርቃል። ስኮፕ ውስጥ ደግሞ ገጹ ብዙ ነው። አሥር ገጽ ብቻ እንኳ ቢሆን የብርሃኑ ሲሶ ጠፋ። ዛይስ በሚባለው የጀርመን የመስታወት ኩባንያ ውስጥ ስማኩላ የሚባል የፊዚክስ ሰው በ1935 ጸረ ነጸብራቅ ቅቡን ያወጣው ለዚህ ነው። ዛሬ ደኅና ስኮፕ 90 በመቶ ገደማ ያሳልፋል። ገንዘብህን እዚያ ላይ አውል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የአደኑ ወቅት ግን ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል። ሥጋውን ምን ታደርጉታላችሁ?

ከዉድብሪጅ፦ ፍሪዘር ምን ይሠራል? ለገና ይወጣል። ቋንጣም ግሩም ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ቆይ እንጂ፣ ሳይባረክ በጥይት የሞተ ይበላል እንዴ?

ከዉድብሪጅ፦ ዋላ እኮ ዘዳግም 14 ላይ ከሚበሉት ተቆጥሯል።

ከአሌክሳንድሪያ፦ እንስሳውን መች አልኩ፣ አሟሟቱን ነው እንጂ!

መልስ፦ ይህን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ። የስኮፕ ጥያቄ ያለው?

ከሚኒሶታ፦ ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ሲመሽ አጋዘኑ ይታየኛል፣ ስኮፑ ውስጥ ያለው ማነጣጠሪያ መስቀል ግን ይጠፋብኛል።

መልስ፦ ጎበዝ እህቴ፣ ዋናውን አነሳሽው። መስታወት ሻጭ ስለ ብርሃን ያወራል፣ ስለ መስቀሉ ዝም ይላል። ቀጭን መስቀል ቡናማ ጎን ላይ ሲያርፍ ይዋጣል። ጀርመን ቁጥር 4 የሚባለውን ፈልጊ፤ ሦስቱ ክንዶች ወፍራም ናቸው፣ መሀሉና የላይኛው ክንድ ናቸው ቀጭን። መሀሉ ላይ ቀይ ነጥብ የሚበራ ከሆነ የበለጠ ጥሩ። ብርሃኑን ግን እጅግ ዝቅ አድርጊው! ከደመቀ ዓይንሽ ጨለማውን መልመዱን ይተዋል። ትርፍ ባትሪም ኪስሽ ውስጥ ይኑር፤ በብርድ ቶሎ ይደክማል።

እና እደግመዋለሁ፣ ያየሽው አጋዘን መሆኑን በባይኖኩላር አረጋግጪ። በዚያ ሰዓት ከጫካ የሚወጣ ሰውም አለ። ብርቱካናማ ልብስ እንኳ ሲመሽ ይደበዝዛል።

ከዳላስ፦ በሌሊት በሙቀት የሚያይ ስኮፕስ?

መልስ፦ አጋዘን በሌሊት አይታደንም። ለሌላ አውሬ ከሆነ የግዛትህን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጠይቅ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ኢትዮጵያ፣ ባሌ ተራሮች ሄደን ብናድንስ?

መልስ፦ ፈቃድና ኮታ ያለው ሌላ ዓለም ነው። እዚህ አንገባበትም።

ከለንደን፦ የመጨረሻ። ያን 56 ስጭነው ጉንጬ ከሰደፉ ይነሳል።

መልስ፦ መስታወቱ ስለሚሰፋ ስኮፑ ከፍ ይላል። መጀመሪያ ስኮፑን ከሚይዙት ቀለበቶች በርሜሉን ሳያስነካ ዝቅ የሚያደርገውን ሞክር፣ ካልሆነ ሰደፉ ላይ የጉንጭ መደገፊያ ጨምር። ዓይንህና ስኮፑ መሀል 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይኑር፣ አለዚያ ሲረግጥ ቅንድብህን ይሰነጥቀዋል። ይህን የምትለካው ደግሞ የክረምት ጃኬትህን ለብሰህ ነው፤ በቲሸርት የለካ ሰው ኅዳር ላይ እንደገና ብሎን ይፈታል።