ልጄን ያሳመማት የተወለደችበት ወር ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የ17 ዓመት ልጅ አለችኝ። ምግብ እየቀነሰች፣ እየቀነሰች ሄዳ አሁን ሰውነቷ አልቋል። ሐኪሙ «አኖሬክሲያ ነው» ብሎናል። ሰሞኑን ደግሞ በጸደይ ወራት የተወለዱ ልጆች ለዚህ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው የሚል ነገር አነበብኩ። ልጄ የግንቦት ልጅ ናት። ዕጣ ፈንታዋ ነው ማለት ነው? ወይስ የእኔ ኃጢአት? እሷ «ጾም ላይ ነኝ» እያለች ከማዕድ ትሸሻለች። ልከልክላት? ጸበል ብቻ ይበቃታል የሚሉኝም አሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ አስቸኳዩን ላስቀድም። ልጅዎ ሕክምናዋን አታቋርጥ፤ ጾሙም ለጊዜው ይቅርላት። ይህ ሕመም ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ሕይወት በማጥፋት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ቀልድ አያውቅም።

አሁን ወደ ወሩ ልምጣ። ያነበቡት ነገር ፈጠራ አይደለም። በ2011 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 1,293 የአኖሬክሲያ ሕሙማን የተወለዱበትን ወር ከሌላው ሕዝብ ጋር አስተያይቷል። ከማርች እስከ ጁን፣ ማለትም በእኛ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሰኔ፣ በተወለዱት ላይ ሕመሙ ወደ 15 በመቶ ገደማ በዝቶ ተገኝቷል። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር በተወለዱት ላይ ደግሞ አንሷል።

15 በመቶ ሲባል ያስደነግጣል። ግን እንዲህ ያስቡት፦ ከ1,000 ልጆች 10 ይታመማሉ ብንል፣ በእነዚያ ወራት ከተወለዱት 1,000 ደግሞ 11 ወይም 12 ይሆናሉ። የቀሩት ከ980 በላይ የሚሆኑት በዚያው ወር ተወልደው ምንም አልነካቸውም። ምክንያቱም ገና አልታወቀም። እናት በአውሮፓ ጨለማ የክረምት ወራት (ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ) ነፍሰ ጡር ስትሆን ፀሐይ ስለማታገኝ ቫይታሚን ዲ ያንሳታል የሚል ግምት አለ። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛን የሚጠረጥሩም አሉ። ጥናቶቹ የተሠሩት በአብዛኛው ክረምትና በጋው እጅግ በሚለያይባቸው አገሮች ነው። ማስረጃው ደካማ ነው ብለው የሚከራከሩ ተመራማሪዎችም አሉ። ከወሩ ይልቅ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ብዙ እጥፍ ይከብዳል።

ስለዚህ ጥናቱ የብዙ ሰዎች ቆጠራ ነው እንጂ ስለ እርስዎ ልጅ የተነገረ ትንቢት አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሰው እንዲህ ያለውን ቁጥር ወስዶ ኮከብ ቆጠራ ሲያደርገው ነው። «የግንቦት ልጅ ስለሆነች ነው» ብለን ከተቀመጥን ሐኪሙም እኛም እጃችንን አጣጥፈን ልንቀር ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የገላትያን ሰዎች ቀንንና ወርን ዘመንንም ትጠብቃላችሁ ብሎ ወቅሷቸዋል። እግዚአብሔር ለኤርምያስ «በሆድ ሳልሠራህ አውቄሃለሁ» ያለውም ነቢዩ በየትኛው ወር እንደሚወለድ አይቶ አይደለም።

«የእኔ ኃጢአት ይሆን?» ላሉት፣ ደቀ መዛሙርቱም ይህንኑ ጠይቀዋል። ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ይህ ሰው ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት የሠራ ማን ነው?» አሉ። ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መለሰላቸው። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ዛሬ ማታ ያንብቡት። ልጅዎን በግንቦት መውለድዎ በደል አይደለም፤ ከዚህ በኋላም በዚህ ራስዎን አይክሰሱ።

ወደ ጾሙ ስንመጣ ነገሩ ረቀቅ ይላል፤ ብዙ ቤተሰብም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የልጅ መጾም ወላጅን ደስ ያሰኛል፤ «እንዴት ያለች መንፈሳዊ ናት» ይባላል። ሕመሙም በዚያ ውስጥ ይደበቃል። መለየት ከፈለጉ ጾሙ ሲፈታ ይመልከቷት። ጾመኛ ሰዓቱ ሲደርስ አመስግኖ ይበላል፤ በዓሉ ሲመጣ ደስ ይለዋል። በዚህ ሕመም የተያዘች ልጅ ግን በዓሉ ያስፈራታል። የፋሲካ ዕለት ሰው ሁሉ ማዕድ ከቦ እሷ ሆዴን አመመኝ ትላለች። ምግቡን ሳህኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ታደርገዋለች፣ እንደ በላች ታስመስላለች፣ እንደጨረሰች ወደ መታጠቢያ ቤት ትገባለች። ከሥጋ ብቻ ሳይሆን በጾም ከሚፈቀደውም ትሸሻለች። ሚዛን ላይ ደጋግማ ትወጣለች። ይህ ጾም አይደለም፤ የጾምን ስም የተሸከመ ሕመም ነው።

ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው ጹም ብላ አታስገድድም። ይህ ከጥንት በቀኖናችን ያለ ነው፤ በፍትሐ ነገሥትም ተጽፏል። የኢያኢሮስን ልጅ ያስቡ። የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ጌታ እጇን ይዞ ካስነሣት በኋላ ምን አዘዘ? የሚበላ ስጧት አለ። ሉቃስ ምዕራፍ 8 ላይ አለ። ከሞት ለተነሣች ልጅ የመጀመሪያው ትእዛዝ ምግብ ነበር።

ነገር ግን «አትጹሚ» የሚለውን እርስዎ ብቻ አይንገሯት፤ ጠብ ይሆናል። ከንስሐ አባቷ ጋር ይነጋገሩና እሳቸው በቃላቸው ይንገሯት። ከአባት የተሰጠ ፈቃድ ሲሆን «ኃጢአት ሠራሁ» ከሚለው ጭንቀት ትድናለች። በምትኩ ጸሎት፣ ዳዊት መድገም፣ ምጽዋት ይሰጧት። ስግደት ግን አይሁን። ብዙዎቹ ሕሙማን ሰውነታቸውን ለመቀነስ ከአቅም በላይ እንቅስቃሴ ያደርጋሉ፤ ልባቸውም ደክሟል። መቶ ስግደት እንደ ቀኖና ቢሰጣት ሕመሙ ደስ ብሎት ይቀበለዋል። ለቅዱስ ቁርባን የሚጾመውንም ሰዓት አባቷ ሁኔታዋን አይተው ይወስኑላት።

ጸበልን በተመለከተ፣ ጸበልም መድኃኒትም ከአንድ እግዚአብሔር ናቸው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። ትጠመቅ፣ ይጸለይላት። ነገር ግን ምግብን በውሃ መተካት፣ በባዶ ሆድ አብዝቶ መጠጣትና ማስመለስ ለእሷ አደጋ ነው። በደሟ ውስጥ ያሉት ጨዎች ሲዛቡ የልብ ምት ይዛባል። መድኃኒት አቁሚ የሚላት ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አይስሙት።

ቤት ውስጥ የእርስዎ ድርሻ ትልቅ ነው። በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች ጥሩ ውጤት ከታየባቸው ሕክምናዎች አንዱ ወላጆች ለጊዜው የምግቡን ኃላፊነት ተረክበው፣ ሳይቆጡ ግን ሳይለቁ፣ አብረው ቁጭ ብለው የሚያበሉበት ነው። እንዴት እንደሚደረግ ሐኪሟን ይጠይቁ፤ በጣም የተጎዳ ሰውነት ምግብ በድንገት ሲበዛበትም ይታመማልና መጠኑን እሱ ይወስን። ራሷን ከሳተች ወይም ልቧ ያለ ልክ ከዘገየ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይውሰዷት።

ንስሐ አባቷ ዘንድ ሲሄዱ የሐኪሙን ወረቀት ይያዙ። ብዙ ካህናት ይህን ሕመም በስሙ ላያውቁት ይችላሉና ከመግባቷ በፊት እርስዎ አስቀድመው ያስረዱላት።