የክረምት የሥራ ልምምድ ለልጄ

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የ16 ዓመት ልጄ ክረምቱን በመድኃኒት ቤት ሥራ በመለማመድ ማሳለፍ ትፈልጋለች። እንዴት ልርዳት? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ እርስዎ አብረዋት ቢሄዱም ጥያቄውን ራሷ ብታቀርብ እመርጣለሁ፤ ትምህርት ቤቷ ከመዘጋቱ በፊት የትብብር ደብዳቤ ታጽፍ፣ ባለሙያውንም ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት ታነጋግር። መድኃኒት ማደል የባለሙያው ኃላፊነት በመሆኑ የእርሷ ድርሻ መደርደሪያ ማስተካከል፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን መመልከትና ማስተዋል እንደሚሆን አስቀድማ ትወቅ፤ የሕመምተኛን ምስጢር ለቅርብ ጓደኛም ቢሆን እንዳታወራ አጥብቀው ይንገሯት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ስለሚደነግግ፣ ልምምዱም ከዚህ እንዳያልፍ ከባለቤቱ ጋር በጽሑፍ ይስማሙ።