በጀት ስዘጋ ያመለጠኝ ሰኞ

ለወጣት ባልደረቦቼ፣

ለልምምድ የተመደበችልን ልጅ ሰሞኑን «ጋሼ፣ ውጤቱን ስልኬ ላይ ካየሁት በኋላ ስንት ሰዓት ተቀምጬ ቴኒስ የማየው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስቄ አለፍኳት። ማታ ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ሐምሌ 2 ቀን 1993 ዓ.ም.ን ቀሰቀሰብኝ።

ያኔ እዚሁ ጅማ በአንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ቴኒስን የወደድኩት በጆሮዬ፣ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው። የኔ ሰው ክሮኤሺያዊው ጎራን ኢቫኒሴቪች ነበር፤ ግራኝ፣ ሰርቩ (ኳስ ማስጀመሪያ ምቱ) የሚያስፈራ፣ ጠባዩ የማይጨበጥ። ለንደን በሚካሄደው ትልቅ የቴኒስ ውድድር፣ ዊምብልደን ላይ ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ሦስቴም ተሸነፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በአጋሲ፣ በ1994 እና በ1998 ደግሞ በሳምፕራስ። በ2001፣ በእኛ 1993 መሆኑ ነው፣ ትከሻውን እያመመው ከዓለም 125ኛ ደረጃ ላይ ወርዶ ስለነበር፣ የገባው በዋይልድ ካርድ፣ በአዘጋጆቹ ግብዣ ነው።

የግምጃ ቤታችን ኃላፊ ያለ ሞዴል 22፣ ማለትም ያለ ንብረት ማውጫ ቅጽ፣ አንዲት ሚስማር የማያወጡ ሽማግሌ ነበሩ። «ኦቦ ሞዴል» እንላቸዋለን፤ ያውቁታል፤ አይቆጡም። ቴኒስ አያውቁም። አንድ ቀን ሬዲዮዬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሲያገኙኝ «ይሄ የምታስብለት ሰው ዘመድህ ነው እንዴ?» አሉኝ። ታሪኩን ነገርኳቸው። ሦስቴ ፍጻሜ ደርሶ ሦስቴ መሸነፉን ሲሰሙ ወረቀታቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ስንጨርስ ግምጃ ቤቱ በር ላይ፣ በጅማ በርጩማቸው ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ጎራን የገጠማቸው ተራ በተራ ተሸነፉ፦ ሞያ ወደቀ፣ ሮዲክ ወደቀ፣ ሩሴድስኪ ወደቀ፣ ሳፊን ወደቀ። እሳቸውም በተበላሸ ሞዴል ጀርባ ላይ የወደቀውን ሁሉ ስም ይመዘግቡ ነበር፤ እንደሰሙት ስለሚጽፉት ሩሴድስኪን ማንም አንብቦ አያውቀውም።

ግማሽ ፍጻሜው ዓርብ ሰኔ 29 ዋለ። መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ይህ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ በጀት መዝጊያ ነው። እኔ በሂሳብ መዝገብ፣ እሳቸው በንብረት ቆጠራ ተወጥረናል። እንግሊዛዊው ቲም ሄንማን ሦስተኛውን ሴት (የቴኒስ ጨዋታ የሚከፈልበትን ምዕራፍ) በሩብ ሰዓት ገደማ 6 ለ 0 አሸነፈ። አለቀ አልን። ከዚያ ለንደን ላይ ዝናብ ወረደና ጨዋታው ቆመ። ኦቦ ሞዴል በመስኮት የአወይቱን ወንዝ ሙላት እያዩ «ዝናቡን እኛ ነን የላክንለት» አሉ። ቅዳሜ ቀጠሉ፤ ጎራን አራተኛውን ሴት ወሰደ፤ እንደገና ዘነበ። እሑድ አምስተኛውን 6 ለ 3 ዘጋ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ጨዋታ! የዛሬ ልጅ ቪዲዮ ሦስት ሰከንድ ሲዘገይበት ስልኩን ይቀይራል።

ፍጻሜው በዝናቡ ምክንያት ወደ ሰኞ ተዛወረ፤ በእኛ 8 ሰዓት ላይ። ኦቦ ሞዴል ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ዲሽ ያለው ሆቴል አጠያይቀው አገኙ። ሻይ የሚጋብዙኝም እሳቸው ናቸው። እኔ ግን ማመዛኛዬ፣ የዴቢትና የክሬዲት ድምር እኩል መሆኑ የሚታይበት ሰንጠረዥ፣ አልገጠመልኝም ነበር። ልዩነቱ ያለ ቀሪ ለ9 ይካፈላል። ትምህርት ቤት እንደነገሯችሁ፣ ይህ ብዙውን ጊዜ የአንድ ቁጥር ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው መጻፋቸውን ይጠቁማል። «እርስዎ ይሂዱ፣ እደርሳለሁ» አልኳቸው። አለቃዬ ሂድም ቅርም አላለኝም። ቁጥሩ ደግሞ እስከ ማክሰኞ የትም አይሄድም ነበር።

አልደረስኩም። 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ በዝናብ ርሰው መጡ። ውጤቱን አልነገሩኝም። ማስመሪያዬን አነሱና ቢሮው መሃል ቆመው ያሳዩኝ ጀመር፤ ሰውየው ለማሸነፍ አንዲት ነጥብ ሲቀረው እጁ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ፣ ሁለቱንም ሰርቭ እንዴት እንደሳተ፣ በሁለተኛው ዕድልም ያንኑ እንደደገመ፣ በሦስተኛው አውስትራሊያዊው ራፍተር ኳሷን እንዴት ከራሱ በላይ እንዳሳለፈበት፣ በየመሃሉም ወደ ሰማይ እያየ እንዴት እንደሚለምን። በአራተኛው የራፍተር ኳስ መረቡን መታች። ሲያሸንፍ አባቱን ለማቀፍ በተመልካቹ መሃል ወጣ፤ እዚህ ላይ ኦቦ ሞዴል ማስመሪያውን አስቀምጠው ተቀመጡ። የመጨረሻው ሴት 9 ለ 7 ነበር። ዛሬ 6 ለ 6 ሲደርሱ እስከ 10 ነጥብ ተጫውተው ይለያሉ፤ ለኔ ደስ አይልም፤ ለተጫዋቾቹ ጉልበት ግን ሳይሻል አይቀርም።

ያንን ጨዋታ ከዚያ ወዲህ በስልክ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አዎ፣ አጭር ቅንጫቢውንም ጭምር፤ እናንተን የምወቅስበትን ማለቴ ነው። ያጣሁት ጨዋታውን አይደለም። እኒያ ሽማግሌ በኔ ሰበብ የወደዱትን ሰው ድል፣ ማንንም በማያውቁበት ሆቴል ብቻቸውን አዩት። ጡረታ ወጥተው ወደ አጋሮ ሄዱ፤ አርፈዋል።

እና ልጄ፣ ውጤቱን ማወቅ እኮ ማመዛኛውን አይቶ መዝገቡን አለማገላበጥ ነው። ሥራችሁን ጨርሳችሁ ተዝናኑ ስላችሁ የኖርኩት እኔው ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ያን ሰኞ ግን ሥራው ሊቆይ ይችል ነበር።

መከታተል የምትፈልጉ ካላችሁ ከፍጻሜ አትጀምሩ። ድልድሉ ሲወጣ 128 ስም ነው፤ ዋንጫው ሰባት ድል ይጠይቃል። አንድ ሰው ምረጡ፤ የግድ አንደኛውን አይደለም። አብሯችሁ የሚከታተል ሰውም ፈልጉ፤ ጨዋታውን ባያውቅ ይመረጣል። ዊምብልደን ላይ ትንንሾቹ ሜዳዎች በእኛ 7 ሰዓት ይጀምራሉ፣ ዋናው ሜዳ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። የበጀት መዝጊያ ሰሞን ስለሆነ ከአለቃችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኛ ቢሮ ከሆነ አለቃው እኔ ነኝ፤ እፈቅዳለሁ።