መልስ፦ ያበጠ ጠባሳና የሳሳ ፀጉር ከሳርኮይዶሲስ ጋር ይገናኛሉ?

ወንድሜ፣ ሳርኮይዶሲስ (የሰውነት መከላከያ ሴሎች ተሰባስበው ሳንባ፣ ቆዳና ሌላም አካል ላይ ጥቃቅን እብጠት የሚፈጥሩበት በሽታ) ሳንባህ ላይ ከተገኘ ወዲህ የድሮ ጠባሳህ አብጧል፣ አናትህም ላይ ፀጉርህ ሳስቷል፤ ይገናኛሉ ወይ ነው ጥያቄህ። አዎ፣ ሊገናኙ ይችላሉ። ይህ በሽታ የቆየ ጠባሳና ንቅሳት ይወዳል። ለዓመታት ጠፍጣፋ የነበረው ድንገት ያብጣል፣ ይጠጥራል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ከመቅላት ይልቅ ሐምራዊ ወይም ቡናማ ሊመስል ይችላል።

የፀጉሩን ነገር ግን አታዘግየው። ቦታው የሚያብለጨልጭና የፀጉር ቀዳዳ የማይታይበት ከሆነ ጠባሳ ሠርቷል ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ፀጉር ተመልሶ መብቀሉ ያስቸግራል። ቅባት እየቀያየርክ ጊዜ አትፍጅ። የቆዳ ሐኪም ናሙና ወስዶ ያስመርምር፤ ቲቢና ሉፐስም (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) ሊመስሉት ስለሚችሉ በዓይን ብቻ አይለይም። አፍንጫህ ላይ ሐምራዊ እብጠት ካለም ንገረው፣ ውስጡም መታየት አለበት።