የላም የኋላ ጉልበት የት ነው?

ጥያቄ፦ በአራት ኪሎ አካባቢ የሚያስተምሩ አንዲት የሥነ ሕይወት መምህርት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልናል፦ «ለተማሪዎቼ የላም አፅም ሥዕል እያዘጋጀሁ ነው። በኋላ እግሯ ላይ ወደ ኋላ የሾለውን መገጣጠሚያ “ጉልበት” ብዬ ጻፍሁበት፤ ባልደረባዬ ግን “ቁርጭምጭሚት ነው” ብለው አሰረዙኝ። ትክክሉ የቱ ነው? “መጋጠሚያ”፣ “መገጣጠሚያ” እና “መታጠፊያ”ስ ይለያያሉ?»

መልስ፦ ለአፅም ሥዕል ከሆነ የባልደረባዎን ይጻፉ። የመገጣጠሚያ ስም የሚወሰነው በሚያገናኛቸው አጥንቶች ነው፤ ጉልበት የጭን አጥንት ከቅልጥም ጋር የሚገናኝበት በመሆኑ፣ የላሟ የኋላ ጉልበት የሚገኘው ከፍ ብሎ፣ ከሆዷ ጥግ፣ ታፋዋ ከሚያልቅበት ላይ ነው። እንደ ሰው ጉልበት ወደ ፊት የሾለ ነው፤ የጉልበት ሎሚም አለው፤ ቆዳና ሥጋ ስለሚሸፍነው ግን ከሩቅ አይለይም። ወደ ኋላ የሾለው የተረከዝ አጥንት ነው፤ ላም ተረከዟን ከመሬት አንሥታ በሁለት ጣቶቿ ጫፍ የምትቆም እንስሳ ናትና። ፈረስ ደግሞ በመካከለኛው ጣት ብቻ ይቆማል።

ይህን በዓይን ለማየት ሥጋ ቤት ጎራ ማለት ይበቃል። የኋላ እግር ሲሰቀል መንጠቆው የሚገባው በተረከዙ አጥንትና ወደ ተረከዙ በሚወርደው ወፍራም ጅማት መካከል ነው፤ በሰውም ከባት ወርዶ ተረከዝ ላይ የሚያርፈው ጅማት ይኸው ነው። እግሩ ተገልብጦ ስለ ተሰቀለ ከመንጠቆው በታች ቅልጥሙ፣ ቀጥሎ ጉልበቱ፣ ከዚያም ጭኑ ይታያል።

የፊት እግር ነገር ይበልጥ ያከራክራል። ግመል ለመተኛት የፊት እግሩን ሲያጥፍ «ተንበረከከ» እንላለን፤ ቃሉ የተዛመደው ከ«ብርክ» ጋር ነው፤ ብርክ በግእዝ ጉልበት ነው፤ «ብርክ ያዘኝ» የምንለውም ከዚያው ነው። ሆኖም በዚያን ጊዜ መሬት የሚነካው መገጣጠሚያ በአጥንቱ አሰላለፍ የሰው እጅ አንጓ አቻ ነው፤ ክርኑ ያለው ከደረቱ አጠገብ ነው። እንዲህም ሆኖ «ግመሉ በአንጓው ተደፋ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ መሣቂያ ከመሆን አያመልጥም። በዜና፣ በወግና በተረት «የፊት ጉልበት» ማለት ምንም ነውር የለበትም፤ በትምህርት ሥዕል ላይ ግን «የፊት እግር አንጓ» ቢሉ ተማሪው የሰውንና የላምን አፅም ለማነጻጸር አይቸገርም።

«መጋጠሚያ» ለመንገድም ለወንዝም ይሆናል፤ ለአጥንት «መገጣጠሚያ» የሚለው ይበልጥ ተለምዷል፤ አንዱን በሌላው ቢተኩ ግን ስሕተት አልለውም። ጥንቃቄ የሚያሻው «መታጠፊያ» ነው። ጉልበትና ክርን መታጠፊያ ናቸው፤ የጭን አጥንት ክብ ራስ ግን በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል እንጂ እንደ ማጠፊያ አንድ አቅጣጫ ብቻ አያውቅም። የራስ ቅል አጥንቶች ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ ተሰካክተው የተገጣጠሙ ስለ ሆኑ መገጣጠሚያቸው ጨርሶ አይታጠፍም። በሥዕሉ ላይ ጅማት ካስገቡም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውንም ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም በአንድ ስም ስለምንጠራቸው፣ የመጀመሪያውን «የመገጣጠሚያ ጅማት»፣ ሁለተኛውን «የጡንቻ ጅማት» ብለው ቢለዩዋቸው መልካም ነው።