የአቶሞች «ትዕዛዝ»፣ «ድርድር» ወይስ «መሰደር»?

ጥያቄ፦ ከጅማ ነው የምጽፍላችሁ። ስለ ሰሚኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፍ ቁስ) ቅይጦች የተጻፈ የፊዚክስ ማስተማሪያ ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። አቶሞች ተራ ይዘው መቀመጣቸውን አንዱ ባልደረባዬ «የአቶሞች ትዕዛዝ» ይለዋል፤ ሌላው «የአቶሞች ድርድር»። የትኛው ይሻላል? «አናይሶትሮፒ»ንስ ምን እንበለው?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉአቸው። «ትዕዛዝ» የገባው የእንግሊዝኛው ቃል ማዘዝም ተራ ማስያዝም ስለሚሆን ነው፤ አማርኛ አንባቢ ግን «ማን አዘዛቸው?» ይላል። «ድርድር» ከ«ደረደረ» ጋር ሥሩ አንድ ቢሆንም ዛሬ የሽምግልናና የፖለቲካ ቃል ሆኗል፤ በቅይጡ ያሉትን ጋሊየምና ኢንዲየም የተባሉ ንጥረ ነገሮች ጠረጴዛ ከበው ሊስማሙ የተቀመጡ ያስመስላቸዋል። «ሥርዓት»ም አያዋጣም፤ «ሥርዓተ ፀሐይ» ማለት ለለመደ ጆሮ «የአቶም ሥርዓት» ኒውክሊየሱ ከነኤሌክትሮኖቹ ነው።

የእኔ ምርጫ «ሰደረ» ነው። ሰዋስው ላይ «የቃላት አሰዳደር» እንላለንና እንግዳ አይደለም። ሆኖም «የአቶሞች አሰዳደር» ብለው አያቁሙ። «አሰዳደር» እንደ «አካሄድ»ና «አነጋገር» ሁኔታን ብቻ የሚናገር ስም ነው፤ ደግ አካሄድ እንዳለ ሁሉ ክፉም አለ። የተዘበራረቀ ቅይጥም አሰዳደር አለው። ለክስተቱ «መሰደር»፣ ለውጤቱ «የተሰደረ ቅይጥ»፣ ለተቃራኒው «ያልተሰደረ ቅይጥ» ቢሉ ልዩነቱ ይጠበቃል።

ለተማሪዎችዎ በጓሮ ያስረዱ። ግማሹ ቡና፣ ግማሹ እንሰት የሆነ ጓሮ አለ እንበል። ተክሎቹ እንደወጡ ተዘበራርቀው ከቆሙ ያልተሰደረ ቅይጥ ነው። አንድ ረድፍ ቡና፣ አንድ ረድፍ እንሰት ሆኖ ሲተከል ተሰደረ፤ የተክሉ ቁጥር ግን ያው ነው። በጋሊየም አርሰናይድ ላይ በሚበቅለው ጋሊየም ኢንዲየም ፎስፋይድም የሚሆነው ይኸው ነው። ጋሊየሙና ኢንዲየሙ በቁጥር ሊተካከሉ ምንም አይቀራቸውም፤ ሲሰደሩ ግን በክሪስታሉ ሰያፍ ንጣፎች ላይ አንዱ ንጣፍ ጋሊየም የሚበዛበት፣ ቀጣዩ ኢንዲየም የሚበዛበት ይሆናል። ለዚህ መነሻው በሚያድገው ገጽ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሰለፉት የፎስፈረስ አቶሞች ናቸው። የኃይል ክፍተቱ፣ ማለትም ኤሌክትሮን ከአቶሞቹ ትስስር ተላቆ እንዲንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኃይል፣ ባልተሰደረው ቅይጥ 1.9 ኤሌክትሮን ቮልት (የኃይል መለኪያ) አካባቢ ነው፤ ቅይጡ ሲሰደር ከዚህ ላይ እስከ 0.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሊቀነስ ይችላል። መጠኑ ሳይነካ ጠባዩ ስለሚለወጥ ነው «ቅይጥ» ብቻ ማለት የማይበቃው።

በዚያው ጓሮ በረድፉ ትይዩ ቢያዩ ዓይንዎ እስከ አጥሩ ይዘልቃል፤ አግድም ቢያዩ ቅጠል ይጋርድዎታል። አናይሶትሮፒ ይኸው ነው፤ ጠባይ በአቅጣጫ ሲለያይ። «ኢ-እኩልነት» አይበሉት፤ የፍትሕ ጉዳይ ይመስላል። መጀመሪያ ሲጠቅሱት «አናይሶትሮፒ፣ ማለትም ጠባይ በአቅጣጫ መለያየቱ» ብለው ይፍቱትና ከዚያ በኋላ በውሰት ቃሉ ይቀጥሉ። «አኒሶትሮፒ»ም ይጻፋል፤ አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይያዙ።

«የገጽ» የምትለዋን ቃል ግን ይጠንቀቁባት። (በነገራችን ላይ «ገጽታ» መልክ ነው፤ የላዩ ንጣፍ «ገጽ» ነው።) የብርሃን አናይሶትሮፒ ሲለካ ብርሃን ወደ ገጹ ቀጥ ብሎ ሊወርድ ምንም ሳይቀረው ይላካል፤ የብርሃኑ ንዝረት እርስ በርስ 90 ዲግሪ በሚሠሩ ሁለት አቅጣጫዎች ሲሆን የሚንጸባረቀው መጠን ይለካና ልዩነቱ ለአማካዩ ይካፈላል። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሺህ ጥቂት እጅ ነው። ኪዩባዊ ክሪስታል ውስጡ በአቅጣጫ ስለማይለያይ ልዩነቱ ከገጹ መጣ ይባላል። ቅይጡ ከተሰደረ ግን ውስጡም በአቅጣጫ ይለያያልና ልዩነቱ ከሁለቱም ይመጣል። ስለዚህ «የሰሚኮንዳክተር ቅይጥ ገጽ የአቶሞች መሰደር የብርሃን አናይሶትሮፒ» ብለው «የ»ን ከደረደሩ የተሰደረው ገጹ ይሁን ውስጡ አይታወቅም። «በቅይጡ ውስጥ አቶሞች በመሰደራቸው ከገጹ የሚንጸባረቀው ብርሃን በአቅጣጫ ይለያያል» ይበሉ። ይረዝማል፤ ግን የቱ ከየት እንደመጣ ይለያል።